ከሺህ ሰው መሃል ማን ያውቀኛል?

ጥያቄ፦ ሂውስተን የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ሄጄ እሁድ ሌክዉድ ቸርች ወሰደችኝ። ቸርች ሳይሆን ስታዲየም ነው! ዝማሬው ደስ ይላል፤ ግን አጠገቤ የተቀመጡትን ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ ወጣሁ። እንዲህ ተኩኖ ሰው ቢታመም ማን ይጠይቀዋል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስታዲየም ማለትዎ ልክ ነው። የሂውስተን ሮኬትስ በ1994 እና በ1995 የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ያነሳው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሌክዉድ ግን በ1959 የጀመረው በአንድ አሮጌ የከብት መኖ መደብር ውስጥ ነበር። ወደዚህ 16 ሺህ ሰው ወደሚይዝ አዳራሽ የገባው በ2005 ነው።

ማን ይጠይቀዋል ላሉት ሴኡል ልውሰድዎት። የዮይዶ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1958 ድንኳን ውስጥ ተጀመረች። ሰባኪው ዮንጊ ቾ ሁሉን ነገር ራሴ ካልሠራሁ ሲል በ1964 አቅሙ ተሟጦ ወደቀ። ከዚያ ከተማዋን በየሰፈሩ ከፋፍሎ፣ አማኞች በየቤቱ እንዲሰበሰቡ አሰበ። ወንዶቹ አንገራገሩ። ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ያውም ሴት መሪ በማይለመድባት ኮሪያ። ዮይዶን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አባል ያላት ያደረጋት መድረኩ ብቻ አይደለም። የቀረውን «ምነው ጠፋህ?» የሚሉት፣ የታመመ የሚጠይቁት እነዚያ ሴቶች ናቸው።

እኛም አገር ደርግ ሙሉ ወንጌልን ሲዘጋ አማኙ በየሳሎኑ ድምፁን ቀንሶ ነው የዘለቀው። የኔ ሴል፣ ማለትም በየቤቱ የምንሰበሰብበት ትንሽ ቡድን፣ ረቡዕ ማታ ነው። ቡና ይፈላል፣ ግማሹ ሰዓት በወሬ ያልቃል። የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ቤት ኪራይ እንደጨመሩበት የምንሰማው ያኔ ነው። እንደኔ ከሆነ ጥናቱ ቢያጥርም ወሬው አይቅር።

የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። ቤቱ ሲገዝፍ ሥልጣኑ አንድ ሰው እጅ ይገባል። በ2014 ፍርድ ቤት ቾን ጥፋተኛ አለው፤ ቤተ ክርስቲያኗ የልጁን አክሲዮን ከዋጋው በላይ እንድትገዛ አድርጓል ተብሎ። እስራቱ በገደብ ሆነለት። ለእነዚያ በየቤቱ ለሚዞሩ ሴቶች ሂሳቡን ማን አሳያቸው?

እህትዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ እሁድ ብትቀር ማን ይደውልልሻል? «ማንም» ካለች በየቤቱ የሚሰበሰብ ቡድን ትፈልግ። ካልሆነም ሂውስተን ውስጥ የአበሻ ቸርች አለ። እዚያ አንድ እሁድ ብትቀር ከሰዓት በኋላ ስልኳ አያርፍም፤ እሱም ራሱ ይሰለቻል።