«የአጃንታ ዋሻዎች» ወይስ «ገዳማት»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ ህንዱ አጃንታ ለዩቲዩብ የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «የአጃንታ ዋሻዎች» ብዬ ስጽፍ ኤዲተሩ ምንም አላለኝም፣ «የቡድሂስት ገዳማት» ስል ግን «ገዳም የክርስቲያን ነው አውጣው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም አላስደሰታችሁኝም፣ ግን ከኤዲተርህ ልጀምር፣ ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው። ገዳም በግዕዝ መጀመሪያ ዱር፣ በረሃ፣ ያልታረሰ ሜዳ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ ሰው «አራዊተ ገዳም» የሚለውን ያውቀዋል፣ መቼም አውሬዎቹ መነኮሱ ማለት አይደለም! መነኮሳቱ ወደ ዱር ስለወጡ ነው ስሙ ለእነሱ የቀረው። አጃንታም ዋጎራ የሚባል ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ተጠማዝዞ የሚያልፍበት ገደል ላይ ነው ያለው፣ በ1819 እ.ኤ.አ. ጆን ስሚዝ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነብር ሲያድን ነው ያየው፣ ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ገዳም አለ?

«ቪሃራ ብለን እንዳለ እንውሰደው» የሚሉም አሉ። ቪሃራ በሳንስክሪት መዘዋወር፣ ጊዜ ማሳለፍ ከሚል ግሥ የወጣ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ዘዋሪዎች ነበሩ፣ ክረምት ሲገባ ግን ሦስት ወር አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፣ ያ ማረፊያ እያደር ቋሚ ሆነና ከመዞር የወጣው ቃል መኖሪያ ማለት ሆኖ አረፈው፣ ቢሃር የሚባለው የህንድ ግዛት ስሙ ራሱ ከዚሁ ነው (ከጥያቄህ እንደወጣሁ አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይለኛል)። ገዳም እያለን ግን ቪሃራ ምን ይሠራልናል? ከቻይትያ ለመለየት ከሆነ እሺ፣ ቻይትያ መጨረሻው ላይ ስቱፓ (ቡድሂስቶች የሚያከብሩት ጉልላት መሰል ሐውልት) የቆመበት የጸሎት አዳራሽ ነው፣ ከ30ዎቹ ገደማ የአጃንታ ሥራዎች 5ቱ እንደዛ ናቸው፣ ሌሎቹ አዳራሹን የከበቡ የመነኮሳት ክፍሎች ያሏቸው ማደሪያዎች ናቸው።

አሁን ወደ አንተ። ዋሻ ለእኔ እግዜር የሠራው ጅብ የሚያድርበት ነው። አጃንታን ግን ሰው ነው በመሮና በመዶሻ ከባሳልት ያወጣው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው፣ አብዛኛውን ደግሞ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም.። ከጣሪያው ይጀምሩና ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ስለዚህ መወጣጫ እንጨት ማቆም አላስፈለጋቸውም፣ ሳያልቁ የቀሩት ላይ ይሄ ዛሬም ይታያል። እዚያው ህንድ ካርላ የሚባለው ሌላ ከአለት የተጠረበ የቡድሂስት ቦታ ብትሄድ ደግሞ የድንጋዩ ጣሪያ ሥር የእውነት የእንጨት ማገሮች ተደርድረዋል፣ ምንም አይሸከሙም፣ የለመዱትን የእንጨት ቤት መልክ ድንጋይ ውስጥ ይዘው ገብተው ነው እንጂ። ይሄን ሁሉ የአናጺ ናፍቆት ዋሻ ብለህ ስትጠራው ሠሪውን ሰርዘኸዋል። የአገሬው ሰው ራሱ በማራቲ «ሌኒ» ነው የሚለው፣ ከአለት ተጠርቦ ለወጣ ነገር የሚውል ቃል ነው።

እኔ «ውቅር ገዳማት» በል ነው የምልህ። ወቀረ ድንጋይ ጠረበ ነው፣ ወፍጮ ሲልግ ይወቀር የለ? ለላሊበላም «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» ስንል ኖረናል። «ፍልፍል» የሚለው አይጥመኝም፣ የባቄላ ገለባና ጫጩት ነው ትዝ የሚለኝ። ፈለፈለ ለድንጋይም ይሆናል የሚል ሰው አለ፣ ማስረጃም አለው፣ ለላሊበላም ዛሬ ከአስጎብኚ እስከ ጋዜጠኛ ፍልፍል የሚለው ይበዛል። እሺ፣ አሸንፈዋል፣ እኔ ግን አልጽፈውም።

ዋሻውም ቢሆን፣ እውነቱን ካወራን፣ የጣርማበር ዋሻን ጣሊያን ነው የቆፈረው፣ ማንም ደግሞ «ዋሻ አትበሉት» ብሎ አያውቅም፣ እኔም በዛ ሳልፍ ዋሻው ጋ ደረስን እያልኩ ነው የምደውለው። ስለዚህ ሰው ሰርች የሚያደርገው እሱን ከሆነ ርዕሱ ላይ ዋሻ በል፣ ውስጡን ግን ውቅር አድርግልኝ፣ ገዳምንም እንዳታወጣ። የመነኮሳቱን ክፍል «በአት» ማለት ካማረህም በጣም ደስ ይለኛል፣ ብቻ በዐይኑ ዐ እንዳትጽፈው፣ ከቦአ ነው የመጣው፣ ገባ ከሚለው፣ በአልፋው አ ነው።