«ዕቃው አልደረሰንም» ላለሽ ሱቅ፦ ቻቱን ተይውና ደብዳቤ ጻፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሁለት የክረምት ጃኬት በኦንላይን ገዛሽ፣ ልክሽ አልሆነም፣ እነሱ በላኩልሽ ሌብል፣ ካርቶኑ ላይ በሚለጠፈው የመመለሻ አድራሻ ማለቴ ነው፣ መለስሽው። ትራኪንጉ «ደርሷል» ይላል። ሱቁ ደግሞ «መጋዘናችን አልገባም፣ ሪፈንድ የለም» ብሎሻል። 280 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከታች ግማሹ ሰው «ተይው፣ እግዜር ይተካልሻል» ይልሻል፤ ግማሹ «እየደወልሽ አሰልቻቸው» ይልሻል። ሁለቱንም አትስሚ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አምና ይኸው ነገር በራሴ ደርሶ ገንዘቤን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተቀብያለሁ። የከፈልሽው በክሬዲት ካርድ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ስለ ዴቢት መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ።

1. ደረሰኝ። ካርቶኑን ስታስረክቢ የሰጡሽ ወረቀት የት ነው ያለው? እኔ የመለስኩት ለባለቤቴ የገዛሁላትን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ነው፤ ከነካርቶኑ 27 ፓውንድ ይመዝናል። እሱን ታቅፌ ዕቃ መቀበያው ሱቅ ገባሁ። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ በእጁ ወደ ካርቶን ክምሩ ጠቆመኝ። «ደረሰኝስ?» አልኩት። «አያስፈልግም፣ ሌብሉ ላይ ሁሉም አለ» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል፣ ሰዉ ማጉረምረም ጀምሯል። እኔ መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዕቃ አስረክቤ ባዶ እጄን አልወጣም። «ስካን አድርገህ ወረቀቱን ስጠኝ፣ አለዚያ ካርቶኑን አላወርድም» ብዬ እንደታቀፍኩት ቆምኩ። እየተነጫነጨ ስካን አደረገና ብጣሽ ወረቀት ወረወረልኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ትራኪንግ ቁጥር። በኋላ ያወጣችኝ አንዷ እሷ ናት። ያንቺ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፤ የዚያ ዓይነት ወረቀት ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ከሌለሽም ተስፋ አትቁረጪ፣ ትራኪንጉ አለ።

2. ትራኪንግ። «ደርሷል» የምትለዋን መስመር ብቻ ስክሪንሾት አንስተሽ እንዳትቆሚ። ዝርዝሩን ክፈቺው። በአጓጓዡ በዩፒኤስ ከሆነ፣ ቁጥሩ በ1ዜድ የሚጀምረው ማለቴ ነው፣ የማስረከቢያ ማረጋገጫ የሚሰጥ ገጽ አለው። እሱን በፒዲኤፍ አስቀምጪው። የትኛው ከተማ፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ፣ ማን እንደተቀበለ ይወጣል። የኔ ላይ የተራገፈበት ቦታ «ዶክ» ይላል። የመጋዘኑ የጭነት ማራገፊያ ማለት ነው እንጂ የማንም ሰው በረንዳ አይደለም። ከጎኑ የተቀባዩ ስም አለ። ክብደቱም ተጽፏል፣ 27 ፓውንድ። ክብደቱን በደንብ ያዢው፤ «ካርቶኑ ባዶ ነበር» የሚል ሌላ ዘፈን ሲጀምሩ ይጠቅምሻል። ይህ መረጃ ግን ዕድሜ ልክ አይቀመጥም። ዩፒኤስ ድረ ገጹ ላይ የሚያቆየው ለ120 ቀን ገደማ ነው።

ሱቁ «አጓጓዡን ጠይቂ» ካለሽ እሺ ብለሽ እንዳትሄጂ። ሌብሉን የገዛው እሱ ነው። ለአጓጓዡ ደንበኛው እሱ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። የጠፋ ዕቃ ካለ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

3. ቻት። እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል፣ ቁጥሩንም ልተወው መሰለኝ። የሱቁን የደንበኞች ቻት በከፈትኩት ቁጥር አዲስ ስም ይመጣል። «ብስጭትህ ይገባኛል» ይላል። ከዚያ ትራኪንግ ቁጥሩን ይጠይቃል፣ ትናንት የሰጠሁትን። ከዚያ «48 ሰዓት ጠብቅ»። 48 ሰዓቱ ያልፋል። ሌላው ደግሞ «በበዓል ሰሞን መጋዘኑ እስከ 30 ቀን ሊፈጅበት ይችላል» ይላል። ማሽኑን የላክሁት በሚያዝያ ነው፤ የቱ በዓል እንደሆነ እንጃለት። ሱፐርቫይዘር ስል ቻቱ ይቋረጣል።

እኔ መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ግን መጠበቁ ለማን እንደሚጠቅም አስቢው። እዚህ አገር በ1974 የወጣ የክሬዲት ሂሳብ ስህተትን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ አለ፣ ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት ይባላል። ስህተቱ መጀመሪያ የታየበት ስቴትመንት፣ ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሂሳብ ዝርዝር ማለት ነው፣ ከተላከልሽ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድሽ ባንክ በጽሑፍ ካመለከትሽ፣ ባንኩ ማመልከቻሽ እንደደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መጨረስ አለበት። 60 ቀኑ ካለፈ ግን ሕጉ ለአንቺ አይቆምም። ያ «ጠብቂ፣ ጠብቂ» የሚሉሽ ጊዜ ከዚያ ላይ ነው የሚቆረጠው። ባንኩ ከየትኛው ስቴትመንት ይቆጥራል እያልሽ አትጨነቂ፤ ጃኬቶቹ ከገቡበት ከመጀመሪያው ቁጠሪ። ከዚያ ማንም አይከራከርሽም።

ስለዚህ ለሱቁ አንድ ኢሜይል ላኪ። አንድ ብቻ። ማረጋገጫውን አያይዢ፣ ቀን ቁረጪላቸው፣ «እስከዚህ ቀን ካልመለሳችሁ ወደ ባንኬ እሄዳለሁ» በይ። የመመለሻ ደንባቸውንም ከድረ ገጻቸው ስክሪንሾት አድርጊ። ሱቅ በሙሉ ዕቃ መልሶ የመቀበል ግዴታ የሚጥልበት የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሚይዛቸው የራሳቸው ደንብና ሌብሉን የላኩበት ኢሜይል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሱቁ ሌባ ነው፣ እሺ። ሊያስበላኝ የነበረው ግን የገዛ ባንኬ ነው።

ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ አነሳች። ዘመናዊ ድምፅ፣ ፍጥነቷ ጥይት። ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ አቋረጠችኝና «ዕቃው አልደረሰም፣ አይደል?» አለች። «ለኔ ደርሶኛል፣ መልሼ ልኬዋለሁ፣ እነሱ ናቸው...» ሳልጨርስ «እሺ፣ ዕቃ አልደረሰም» ብላ ኪቦርዷን ስትመታ ይሰማኛል። «ኖ፣ ኖ፣ ሪተርን!» እላለሁ። «ሰምቼሃለሁ ሰር። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» እንግሊዝኛዬ አክሰንት አለው፣ አልክድም። ግን ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼበታለሁ፣ ልጆች አስተምሬበታለሁ። የሚሰማ ሰው ይሰማዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጊዜያዊ ክሬዲት፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ባንኩ የሚመልሰው ገንዘብ ማለት ነው፣ ገባልኝ። ለባለቤቴ ስፎክርላት አመሸሁ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ «ነጋዴው ማስረጃ አቅርቧል፣ ክሬዲቱን አንስተናል።» ማስረጃውን ገልጬ አየሁት። የኔ ቤት በር ፎቶ ነው! ማሽኑ መጀመሪያ የመጣልኝ ቀን ሾፌሩ ያነሳው። ካርቶኑ በሬ ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ የልጄ የኳስ ጫማ ከነጭቃው። ሱቁ «ይኸው አድርሰንለታል» ብሎ አሸነፈኝ። እኔ መቼ አልደረሰኝም አልኩ?

እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢ። የዲስፒውቱ፣ ለባንኩ የምታቀርቢው የክፍያ ክርክር ማለት ነው፣ ምክንያቱ «ክሬዲት ኖት ፕሮሰስድ» መሆን አለበት፤ መልሻለሁ፣ ገንዘቤ ግን አልተመለሰም ማለት ነው። ቪዛ ላይ ኮዱ 13.6 ነው። ዕቃ አልደረሰም ደግሞ 13.1። ሁለቱ የተለያየ ማስረጃ ነው የሚጠይቁት። በ13.1 ከገባሽ ሱቁ የበርሽን ፎቶ ልኮ ጉዳዩን ይዘጋዋል። በ13.6 ከገባሽ ግን ያ ፎቶ ምንም አይረባውም፤ ዕቃው ያንቺ ቤት መድረሱን አንቺም አልካድሽም። ስልክ ላይ የምታናግሪው ሰው ኮዱን ላያውቀው ይችላል። ቃሉን ግን ያውቀዋል። ከመዝጋቱ በፊት ምን ብሎ እንደመዘገበው መልሶ እንዲያነብልሽ አድርጊ። በመተግበሪያው የምትሞዪ ከሆነም ከዝርዝሩ «መልሻለሁ» የሚለውን ምረጪ።

እኔ ከዚያ በኋላ ስልክ አልነካሁም። 60 ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደብዳቤ ጻፍኩ። አድራሻው ላይ ተጠንቀቂ፤ ክፍያ የምትልኪበት አይደለም። ስቴትመንቱ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ በደቃቅ ፊደል፣ የሂሳብ ጥያቄ የሚላክበት ሌላ አድራሻ አለ። ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ በአደራ ደብዳቤ ማለት ነው፣ ከሪተርን ሪሲት (የመቀበያ ማረጋገጫ) ጋር ላኪው። ባንኩ ሲቀበል የፈረመባት አረንጓዴ ካርድ በፖስታ ትመለስልሻለች። የኔን እስካሁን አልጣልኳትም፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፌያታለሁ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ሴትዮዋ አመናጨቀችኝ፣ ሱቁ ዋሸኝ፣ አይጻፍም። እኔም መጀመሪያ ሦስት ገጽ ሙሉ ብሶቴን ጽፌ ልጄ አስቀደደችኝ፤ እግዜር ይስጣት። የቀረው ይህ ነው፦ ዕቃው ደርሶኛል። በዚህ ቀን፣ በሱቁ ፈቃድና በሱቁ ሌብል መልሻለሁ። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት መጋዘናቸው ተረክቧል። ይህን ያህል ዶላር አልተመለሰልኝም። ነጋዴው ያቀረበው ፎቶ ዕቃው ወደ እኔ የመጣበትን ያሳያል እንጂ የተመለሰበትን አይደለም። ከዚያ አባሪዎቹ፦ ብጣሿ ደረሰኝ፣ «ዶክ» የሚለው ማረጋገጫ፣ የሌብሉ ኢሜይል። የሁሉንም ኮፒ ነው የምትልኪው፣ ዋናው እጅሽ ይቅር።

ክርክሩ እስኪያልቅ የተከራከርሽበትን ገንዘብ አለመክፈል መብትሽ ነው። በእሱ ምክንያት ባንኩ ዕዳዋን አልከፈለችም ብሎ የብድር ታሪክሽን ሊያበላሽ አይችልም። የቀረውን የካርድ ዕዳ ግን በጊዜው ክፈይ።

ጉዳዩ እንደገና ተከፈተና ገንዘቤ ተመለሰ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ሱቁ ደግሞ ተናዶ ነው መሰለኝ አካውንቴን ዘጋው። ይዝጋው! ማሽኑን በኋላ ከሌላ ቦታ በቅናሽ አገኘነው፣ ባለቤቴ ዳቦ ስትጋግርበት ሰፈሩ ይሸታል።

ዴቢት ከሆነ ያልኩሽ ሕግ አይሠራልሽም። ያም ሆኖ የካርዱ ኩባንያ የራሱ ደንብ አለው። ቪዛም ማስተርካርድም በጥቅሉ 120 ቀን ይሰጣሉ፤ ባንክሽን በዚያው ምክንያት ዲስፒውት እንዲከፍት ጠይቂ። ገንዘቡ ግን ከኪስሽ ወጥቷልና ፍጠኚ።

ባንኩም እምቢ ካለ የስቴትሽ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አለው። የሜሪላንዱ በነፃ ያደራድራል። ከዚያ ቀጥሎ ስሞል ክሌምስ፣ የትንንሽ ገንዘብ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያለ ጠበቃ ትከሻለሽ፤ አስተርጓሚ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ብትጠይቂ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል። የት ስቴት እንዳለሽ አልጻፍሽም።

ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት ሳቀችብኝ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኦንላይን የገዛሽውን በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብሽን ቀይረሽ ብትመልሺ፣ ሱቁ ገንዘቡን ይዞ መቆየት የሚችለው ዕቃው እስኪደርሰው ወይም አንቺ መላክሽን የሚያሳይ ማስረጃ እስክትሰጪው ብቻ ነው፤ የቀደመው ይሠራል። የፖስታ ቤት ደረሰኝ አሳይተሽ ገንዘብሽን ተቀብለሽ ቤትሽ መግባት ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ከሮቦት ጋር በቻት እንጨቃጨቃለን።

የጻፍኩት ደብዳቤ እንግሊዝኛው አለኝ። ስሜንና የካርድ ቁጥሬን አጥፍቼ በውስጥ እልክልሻለሁ፤ አንቺ ቀንና ዶላሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ግን መጀመሪያ ጃኬቶቹ የገቡበትን ስቴትመንት ክፈቺና የወጣበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ስንት ቀን እንደቀረሽ እንቁጠር።