ስትሮክን ከቦርና ከሲሲ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ስትሮክ (ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ የሚሄደው ርቀት) ስሌት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚቸገርባቸውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሞተሬ የቶዮታ 2ኤንዜድ ነው። ቦሩ (የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት) 75 ሚሊ ሜትር፣ ሲሲው 1298። ስትሮኩን እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ ሲሲ ማለት ፒስተኖቹ ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ ሲሄዱ የሚጠርጉት ቦታ ድምር ነው። ሞተርህ አራት ሲሊንደር ስለሆነ መጀመሪያ ለአራት አካፍለው፤ ለአንዱ ሲሊንደር 324.5 ይደርሰዋል። ቦሩን ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይር፣ 7.5። ራሱን በራሱ አባዛው፣ 56.25። ይህን በ0.7854 (ፓይ ለአራት ሲካፈል ነው) ስታባዛ 44.18 ይመጣል። አሁን 324.5ን ለ44.18 አካፍል። 7.345 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 73.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ፋብሪካው የሚሰጠውም 73.5 ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ስሠራው 0.073 መጣብኝ። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ቦሩን በሚሊ ሜትር እንዳለ አስገብተሽዋል እህቴ። ሲሲ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። 75ን 7.5 አድርጊው፣ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ክፍተት ይደመራል?

መልስ፦ አይደመርም። እሱና የጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረት የሚያስፈልጉት ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ምን ያህል እንደሚያምቅ) ስታሰላ ነው።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍቄ 0.50 ኦቨርሳይዝ (በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ) ፒስተን አስገብቻለሁ። ስትሮኩ ተቀየረ ማለት ነው?

መልስ፦ በጭራሽ። ስትሮክን የሚወስነው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ነው። ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) የሚታሰርበት አንገት ከክራንክሻፍቱ መሃል ምን ያህል እንደራቀ ለካ፤ የዚያ እጥፍ ስትሮክህ ነው። ሲሊንደር ቢፋቅም ባይፋቅም እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። የተቀየረው ሲሲው ነው። ቦሩ 75.5 ስለሆነ ሞተርህ አሁን 1316 ሲሲ አካባቢ ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ቦር ከሊብሬው 1298 ጋር ካስገባህ 72.5 ሚሊ ሜትር ይመጣልሃል። አንድ ሚሊ ሜትር ጠፋ! ቦር ራሱን በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ ስህተት ትጎላለች። ስለዚህ አሮጌ ቦር ከአሮጌ ሲሲ፣ አዲስ ከአዲስ ጋር ብቻ።

ጥያቄ፦ ቦሩ አንድ ከሆነ ሞተሩ አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። 1ኤንዜድም ቦሩ 75 ነው። ስትሮኩ ግን 84.7 ስለሆነ ሲሲው 1497 ሆኗል። የድሮዎቹ ላዳዎችም እንዲሁ ናቸው። 2101 እና 2103 ሁለቱም ቦራቸው 76 ነው፤ ስትሮካቸው ግን 66 እና 80።

ጥያቄ፦ ቴስታታ ሳልፈታ ስትሮኩን መለካት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ግን ተጠንቀቅ። ቁልፉን አጥፋና ንቀል፣ ማርሹን ፎሌ አድርግ፣ ካንዴላዎቹን (የእሳት ብልጭታ ሰጪዎቹን) ሁሉ ፍታ። የማይሰበር ረጅም የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገባ፤ ፒስተኑ ላይ ሲያርፍ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ሌላ ሰው የክራንክሻፍቱን ፑሊ በመፍቻ ቀስ እያለ ያዙርልህ። ዘንጉ እየወጣ እየወጣ ይመጣና ለአፍታ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ከቀዳዳው አፍ ትክክል በእርሳስ ምልክት አድርግ። ወርዶ ወርዶ ሲቆምም እንደዚሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በካሊፐር ለካ። ዘንጉ ካዘመመ ልኬቱ ይሳሳታል፤ ከተቀረቀረ ደግሞ ወዲያው ማዞሩን አቁሙ።