ወሰን ላይ ስላሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች ጠይቁኝ (ከድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የገጠር መምህር ነበርኩ። በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በትምህርት ዕቅድና በጀት ላይ ሠራሁ። ሰሞኑን «የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ለምን እንዲህ ደኸዩ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ሲመጣብኝ፣ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልመልስ አልኩ። ስለ ግብሩም፣ ስለ ወሰኑም፣ ስለ ልጆቹም ጠይቁኝ። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። እርስዎ ያስተማሩበት ዓይነት ትምህርት ቤት በጀቱን ከየት ነው የሚያገኘው? ገበሬው ከሚከፍለው ግብር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም። አንተ በለኝ፣ ደስ ይለኛል።

በቀጥታ ከገበሬው ግብር አይደለም። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ይከፍላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ይህን ለክልሎች ሰጥቷል። ድሬዳዋ ክልል ባትሆንም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት አስተዳደር ናት፤ ስለዚህ ግብሩን ራሷ ትሰበስባለች። የተሰበሰበው ከፌደራል መንግሥት ድጎማ ጋር አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለጤናው፣ ለመንገዱ፣ ለውኃው፣ ለትምህርቱ ይከፋፈላል።

ለትምህርት ከሚደርሰው አብዛኛውን የሚወስደው ደመወዝ ነው። መውሰዱ ትክክል ነው፤ መምህርም ቤተሰብ አለው። ችግሩ ከደመወዝ በኋላ የሚተርፈው ነው። እኔ ሳስተምር በተረፈው ጠመኔና መዝገብ ይገዛ ነበር፣ አንዳንዴ የበር ቁልፍ። ጣሪያው ሲያፈስ ዴስኮቹን ወደ ደረቁ ጥግ እንገፋለን እንጂ ቆርቆሮ የሚገዛ ብር አልነበረም።

ለዚህ ነው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ትልቅ ነገር የሆነው። ሲጀመር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለአንድ ተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ደግሞ 55 ብር ነበር። ትንሽ ይመስላል። ግን በትምህርት ቤቱ እጅ የሚገባ፣ ርዕሰ መምህሩ ከወላጆች ጋር መክሮ የሚያወጣው ብር ነው። «ለአንድ ተማሪ» የምትለዋን ቃል ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጥያቄ፦ ከከዚራ ነኝ። ድሬ እኮ የጉምሩክ ከተማ ናት። ያ ሁሉ ቀረጥ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መሥራት ያቅተዋል?

መልስ፦ ቀረጡ የድሬ አይደለም። የገቢና የወጪ ንግድ ቀረጥ በአንቀጽ 96 የፌደራል መንግሥት ነው። ኮንቴይነሩ በደጃችን ያልፋል፣ ብሩ ግን ወደ ፌደራል ካዝና ይሄዳል። በድጎማ መልክ የሚመለስልን በሌላ ስሌት ነው።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ጀምሮ ሀብቷ ሐዲዱ ዙሪያ ነው። ስለ ድሬ ሲወራም ስለ ከተማው ሰፈሮች፣ ስለ ከዚራና መጋላ ነው የሚወራው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግን ከ341,834 የድሬዳዋ ሰው 108,610ው ገጠር የሚኖር ነበር። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የገጠር ቀበሌዎቹን፣ ጀልዴሳን፣ ወሂልን፣ ቢዮ አዋሌን፣ አሰሊሶን ሳይረግጡ ድሬን አውቃለሁ ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚተዳደረው በአካባቢው የቤት ግብር ነው። እኛም አገር የየቀበሌው ግብር ለየቀበሌው ትምህርት ቤት ይሁን ቢባል አይሻልም? ቢያንስ ገበሬው ብሩ የት እንደገባ ያያል።

መልስ፦ ገበሬው የብሩን መግቢያ ይወቅ ያልከው ልክ ነው። የቀረውን ግን እፈራዋለሁ። ምክንያቴን እዚያው አንተ ካለህበት አገር ልንገርህ።

ቴክሳስ ውስጥ፣ ሳን አንቶኒዮ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ኤጅውድ የሚባል ድሃ የትምህርት አውራጃና አላሞ ሃይትስ የሚባል ሀብታም የትምህርት አውራጃ ነበሩ። በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ የለያቸው መስመር ነው። የኤጅውድ ሰው ለትምህርት ቤቱ ከንብረቱ ግምት በየ100 ዶላሩ 1.05 ዶላር ይከፍላል። የአላሞ ሃይትስ ሰው 0.85 ዶላር ብቻ። ድሃው ነው አብልጦ የሚከፍለው። ውጤቱስ? በኤጅውድ ከዚህ ግብር ለአንድ ተማሪ የሚገኘው 26 ዶላር ሲሆን፣ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር። የድሃው ሰፈር ቤት ዋጋው ዝቅተኛ ነዋ! ቢጨመቅም አይወጣውም።

ዴሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የሚባል አባት ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ በ1968 እ.ኤ.አ. ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 እ.ኤ.አ. 5 ለ4 ተረቱ። ኋላ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ አሠራሩ የክፍለ ግዛቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል አለ። የልጆቹ ዕድሜ ግን ፍርድ ቤት አይጠብቅም። በ1968 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ1989 ራሱ አባት ሆኗል።

አሁን ወደ እኛ ና። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ የሚመለከተውም ከተማን ነው። ከተማው ውስጥ ሳቢያን ሰፈር ያለ ባለ ፎቅ ቤትና ገጠር ያለ የጭቃ ቤት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የእያንዳንዱ ሰፈር ልጅ በሰፈሩ ግብር ይማር ካልን የገጠሩን ልጅ ጥለነዋል። ቋቱ አንድ መሆኑ ጥሩ ነው። መጣላት ያለብን በማከፋፈሉ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ «ወሰን፣ ወሰን» ትላለህ። ወሰን ከትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

የድሬዳዋ ገጠር በደቡብ ከኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ በሌሎቹ አቅጣጫዎች ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ጋር ይዋሰናል። መስመሩ ካርታ ላይ አለ። መሬት ላይ ግን ያው ጭንጫ፣ ያው ቁልቋል፣ ያው ደረቅ ወንዝ ነው። ዘመድም አንድ ነው።

ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ከወሰኑ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። የውኃ ጉድጓዱ በእኛ በኩል ነው። ከማዶ ያሉ ልጆች ጠዋት አህያ እየነዱ ውኃ ሊቀዱ ይመጣሉ። አህዮቹን ከነቢጫ ጀሪካናቸው ከክፍሉ ጀርባ ግራር ሥር ያስሩና ገብተው ይቀመጣሉ። እስከ እረፍት ተምረው ውኃቸውን ጭነው ይመለሳሉ። ማን አስተማሪ ነው ውጡ የሚላቸው? እኔ አላልኩም። ከእኔ በፊት የነበረውም አላለም።

መዝገብ ላይ ግን አይጻፉም። «የሌላ ክልል ልጆች ናቸው» ተብሏል። ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ሁለት ዝርዝር ይይዝ ነበር። አንዱ ማኅተም ያለበት የስም መጥሪያ። ሌላው ተራ ደብተር፣ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ጥጉ በዘይት የወዛ። ሲሄድ ሁለቱንም አስረከበኝ። የእኔ ክፍል መዝገብ ላይ 61 ልጆች ነበሩ። ደብተሩ ላይ 43። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም እጠራለሁ። መጽሐፍ ሲመጣ ለ61 ነው የሚመጣው። ዴስክም እንደዚሁ፤ ለሦስት ልጅ በተሠራው ላይ አምስት ይቀመጣሉ፣ የዳር የዳሩ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ይጽፋል።

ከዓመታት በኋላ ወደ በጀት ሥራ ገባሁ። ከየትምህርት ቤቱ የተማሪ ቁጥር ይመጣልኛል፣ እኔ ያንን «ለአንድ ተማሪ» የሚባለውን ብር በቁጥሩ አባዛለሁ። አንድ ቀን የዚያ ትምህርት ቤት ወረቀት ደረሰኝ። ደብተሩ ውስጥ ያሉት ልጆች የሉም። በ50 ብር ብናስበው እንኳ የእኔ 43 ልጆች 2,150 ብር ናቸው። ያ ብር ከማዶ ላለው አስተዳደርም አልተሰጠም፤ ምክንያቱም እነሱ ዘንድ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ያልገቡ ናቸው። እዚያም የሉም፣ እዚህም የሉም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሲጻጻፉ አንዱ «የእናንተ ናቸው»፣ ሌላው «የሚማሩት እናንተ ጋ ነው» ይላል። የደብዳቤውን ፋይል አይቼዋለሁ። ወፍራም ነው። ውስጡ አንድም የልጅ ስም የለበትም።

አቋሜ ይኸው ነው፦ ልጅ የሚቆጠረው በሚማርበት ነው። ወሰኑ የትም ይሁን፣ ብሩ ልጁ የተቀመጠበት ዴስክ ድረስ ይሂድ። አጎራባቾቹ ተፈራርመው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው፤ አዲስ ሕግ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወሰኑ ተለውጦ መንደሩ ወደ ድሬዳዋ ለምን አይጠቃለልም?

መልስ፦ ቀስ እንበል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የክልል ወሰን ጥያቄ በክልሎቹ ስምምነት ይፈታ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስን ይላል። በጥቅምት 1997 በኦሮሚያና በሶማሌ መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል። ያም ሆኖ በ2010 በሁለቱ ክልሎች ወሰን ላይ በነበረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ድሬም ሐረርም ብዙዎቹን ተቀብለዋል። ስለዚህ ወሰን ይነቅነቅ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። መስመሩ ባለበት ይሁን፣ ልጆቹ ግን ይቆጠሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሐረር ነኝ። እኛስ ጋ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሐረሪ ዙሪያውን በምሥራቅ ሐረርጌ የተከበበ ትንሽ ክልል ነው። ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ የገጠር ወረዳዎቹ ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ ከ183,415 ነዋሪው ግማሽ ያህሉ ገጠር ነበር። ጀጎልን የሚያይ እንግዳ ይህን አያስበውም። ነገሩ ከእኛ ጋር አንድ ነው፦ ከከተማው ትንሽ እልፍ ስትል መስመር ታቋርጣለህ፣ የልጆቹ እግር ግን አያውቀውም።

ጥያቄ፦ ቋንቋውስ? ከማዶ የመጣ ልጅ በምን ይማራል?

መልስ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማልኛም ይሰጣል። በዚህ እንኮራለን። አንድ ክፍል ብቻ ባለበት ቦታ ግን መምህሩ ራሱ ሦስት ሰው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርት ቤቱ መዋጮ ይጠይቀናል። ነፃ አይደለም እንዴ? ካልከፈልኩ ልጄን ይመልሱብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፃ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አይከፈልበትም። መዋጮ ወላጆች ተሰብስበው፣ ተስማምተው የሚያደርጉት ነው። የገጠሩ ወላጅ ብር ባይኖረው ድንጋይ ይሸከማል፣ አሸዋ ይዝቃል፣ ዳስ ይጥላል። ያ ደግሞ ብር ነው፤ ማንም በሪፖርት ስለማይጽፈው ነው «ገጠሬው አያዋጣም» የሚባለው። በመዋጮ የተነሳ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ግን እኔ አልቀበለውም። ከመለሱብሽ መጀመሪያ የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረቱን፣ ከዚያ የቀበሌውን የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አናግሪ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሦስት አራት እናቶች ሆናችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ፣ ወሰን አካባቢ ነው የማስተምረው። ስለ ደብተሩ ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔም አለኝ። 27 ልጆች አሉበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ እጅሽን ይባርከው።

ደብተሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክፍል፣ የመጡበት መንደር፣ የወላጅ ስም፣ መማር የጀመሩበት ቀን። ርዕሰ መምህሩና የኅብረቱ ሊቀመንበር ይፈርሙበት፣ ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት። ሦስት ቅጂ አድርጊው፦ አንዱ ለእናንተ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ከማዶ ላለው ወረዳ፣ አንዱ እዚያው ትምህርት ቤቱ ይቅር። ስታስገቢ የገባበትን ቀንና ቁጥር በቅጂሽ ላይ አስጽፊ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ዕቅዱ ግን ወራት ቀድሞ ነው የሚሠራው። ከጥር በፊት ካልደረሰ ለከርሞ ነው የሚሆነው።

ከ27ቱ ውስጥ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ ካለ ግን ወረቀቱን አትጠብቂ። የፈተና ምዝገባ ይቀድማልና ስንት እንደሆኑ ዛሬውኑ ጻፊልኝ።