መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ልጃቸውን ቤት ለማስተማር ለተነሡ ወጣት ወላጆች

ልጆቼ፣

አምስት ዓመት የሞላውን ልጃችሁን ቤት ልታስተምሩ ስትነሡ አፋችሁ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «የትኛውን መጽሐፍ እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ይቆያል። ከእሱ በፊት ወረቀቱ፣ የቀኑ ሥርዓት እና ልጁ የሚያስብበት ቋንቋ አሉ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ቤት በኅዳር አካባቢ ይደክማል፤ የተገዛውም ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ አልጋ ሥር ይገባል።

ወረቀቱን ቶሎ እንገላገለው። አሜሪካ ውስጥ ልጅን ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን እንደየግዛቱ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢያችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቂያ ታስገባላችሁ። ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ማሳወቅን ይጠይቃል፤ ከዚያም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች የልጁን የሥራ ማኅደር (የሠራቸውን ወረቀቶች ስብስብ) በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያዩ ይችላሉ። ቴክሳስ ማሳወቂያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ልጁ ቀድሞ ትምህርት ቤት ከተመዘገበ በጽሑፍ አስወጡት፤ አለዚያ እንደ ቀሪ ይቆጠርና ጣጣ ይመጣል። ጀርመን ያላችሁ ይህን ደብዳቤ ለማታና ለቅዳሜ አንብቡት፤ እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው። ስዊድንም ከ2011 ወዲህ ልዩ ምክንያት ከሌለ አትፈቅድም።

የሜሪላንድ ዝርዝር ስምንት የትምህርት ዓይነት ይጠራል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት። ይህን ያየ ወላጅ ስምንት መጽሐፍ ሊገዛ ይሮጣል። አያስፈልግም። በጣሳ የተዘራ ባቄላ፣ ልጁ በየሦስት ቀኑ የሳለው ሥዕልና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ለስድስት ዓመት ልጅ ደህና ሳይንስ ነው። ዋናው ቀን መጻፍ ነው። ከየትምህርቱ በሳምንት አንድ ወረቀት ቀን ጽፋችሁ በአቃፊ አስቀምጡ፤ ያነበባችሁለትንም መጽሐፍ ስም መዝግቡ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ማኅደር መፈልሰፍ ከባድም አሳፋሪም ነው።

ቀኑን ስትሠሩ ትምህርት ቤቱን ገልብጣችሁ ቤት አታምጡት። ከጠዋቱ እስከ ከሰዓት የሚቆየው የክፍል ጊዜ ብዙው ለመሰለፍ፣ ተራ ለመጠበቅ፣ ሃያ ልጅ ዝም ለማሰኘት የሚውል ነው። አንድ ለአንድ ሲሆን ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ቁጭ ተብሎ የሚሰጥ ትምህርት በቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እሱም በ10 እና በ15 ደቂቃ ተቆራርጦ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ወንበር ላይ መንቆራጠጥ ከጀመረ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱ አልፏል። ሰዓት ሳይሆን ቁርስ ይምራችሁ፦ ቁርስ፣ ንባብ፣ ጨዋታ፣ ሒሳብ፣ ውጭ። የሌሊት ፈረቃ ያለበት አባት ቁርሱን በእራት ሊተካው ይችላል፤ ተራው ግን አይቀያየር። ታናሽ ሕፃን ካለ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለእሱ ስጡት፤ ጭን ላይ ከጠገበ በኋላ ይለቃችኋል። ካልጠገበ የታላቁን ትምህርት እየቀደደ ይበላዋል።

አሁን ወደ ቋንቋው። ልጅ ማንበብ የሚማረው በሚናገረው ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚመልስላችሁ ከሆነ ከፊደል ጀምሩ። በአማርኛ ስትጠይቁት በእንግሊዝኛ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝኛውን አስቀድሙ፤ አማርኛውን በጆሮ አጠንክሩ፤ አያት በስልክም ቢሆን «ተረት ተረት» ትበለው። ሁለቱን ጽሕፈት በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። አንዱ ላይ አጫጭር ቃላት ሳይደናቀፍ ማንበብ ሲችል ሌላውን ጨምሩ።

ሀሁን በዜማ እስከ ፐ ያወረደ ልጅ ማንበብ ቻለ ማለት አይደለም፤ ዜማውን ነው የያዘው። የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ማስቆጠር አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል የለመደው ረድፍ ይፈርስና ፊደሉን በዓይኑ ያልለየው ልጅ ይያዛል። እናንተም 231ዱን በአንዴ አታውርዱበት። በዘጠኝ ጀምሩ፦ መ ማ፣ ለ ላ፣ በ ባ፣ ሰ ሳ፣ አ። በእነዚህ ብቻ በላ፣ ሰማ፣ ሳመ፣ አበባ፣ አባባ ይነበባል። በሁለተኛው ሳምንት «አባባ በላ» ብሎ ያነበበ ልጅ ማንበብ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ቀጥሎ ሳድሱን ም ል ብ ስ ጨምሩ፤ ላም፣ ሰላም፣ ልብስ ይመጣሉ። እዚህ ይደናቀፋል፤ ምክንያቱም «ልብስ» ሲባል ል ላይ ትንሽ ድምፅ አለ፣ ብ እና ስ ላይ የለም፤ ፊደሉ ግን ይህን አያሳይም። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው፤ በዓሉ ገና እና «ገና አልመጣም» የሚለው ገና አጻጻፋቸው አንድ ነው። አታርሙት፤ «እንደምታወራው በለው» በሉትና ጆሮው ራሱ ያርመዋል። ሐ እና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ይቆዩ። አያቶች ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

በእንግሊዝኛው የኛ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ነው። የፊደል ስማችን ድምፁ ነውና የእንግሊዝኛውንም ስም ቀድመን እናስጠናለን። «ኤም፣ ኤ፣ ቲ» ያለ ልጅ ከዚያ ውስጥ ቃሉን ማውጣት አይችልም። ድምፁን አስተምሩ። ስታስተምሩም ቢን «በ»፣ ቲን «ተ» አትበሉ፤ «በ‑አ‑ተ» ብሎ ይቀራል። «ልብ» ሲባል መጨረሻ ላይ እንደሚሰማው ብ፣ «ቤት» ላይ እንዳለው ት አድርጋችሁ ቁረጡት። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረውን የእንግሊዝኛ ድምፅ (th) እኛ የለንም፤ ለእሱ ቅጂ አሰሙት እንጂ በእናንተ አፍ «ዝ» ወይም «ስ» አድርጋችሁ አታስለምዱት።

ሒሳብ ላይ አማርኛው ይረዳችኋል። «አሥራ አንድ» ራሱ አሥርና አንድ መሆኑን ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ምንም አይናገርም። ስለዚህ ከ11 እስከ 19 ያለውን በአማርኛ አስቀድሙ። በእንግሊዝኛ «ሰርቲን» ሲሉት 31 የሚጽፍ ልጅ ሰንፎ አይደለም፤ ሦስቱን ቀድሞ ስለሰማ ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፦ የ12 እንቁላል መያዣ ካርቶን ከጫፉ ሁለቱን ጉድጓድ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አምስት አምስት ሆኖ 10 ይቀራል። ሃያ ባቄላና ሁለት ካርቶን ይዛችሁ 13ን «አንድ ሙሉ ካርቶንና ሦስት» ብላችሁ አሳዩ። እስከ 20 ያለውን በእጁ ነክቶ መሥራት ሳይችል የመደመር ወረቀት አትስጡት። አንድ ፈተና አለ፦ ሰባት ባቄላ ይቁጠር፤ በታትኗቸውና «አሁንስ ስንት ናቸው?» በሉት። ከአንድ ጀምሮ ደግሞ ከቆጠረ ለመደመር ጊዜው አልደረሰም፤ ሳትቆጡ ከዕቃ ጋር ቆዩ።

ጽሕፈት በቀን አምስት ደቂቃ፣ በአጭር እርሳስ። አጭር እርሳስ በጡጫ አይያዝም፤ ጣቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። እጁ ከደከመ ትሪ ላይ ጨው ነስንሱና በጣቱ ይጻፍ።

የታመማችሁበት፣ እንግዳ የበዛበት ቀን ሲመጣ ሒሳቡም ጽሕፈቱም ይቅር፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አይቅር፣ ሃያ ደቂቃ። ሁለቱም ወላጆች ያንብቡ፤ አባትም ጭምር።

ስድስት ወር በየቀኑ ሠርታችሁ ልጁ አሁንም «ላም» እና «ላባ» የሚጀምሩበት ድምፅ አንድ መሆኑ ካልተሰማው፣ ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ ጨርሶ ካላወቀው፣ መጽሐፍ አትቀይሩ። በመጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ከዚያ ለአካባቢያችሁ የመንግሥት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ልጁ የትምህርት ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ አይከፈልም፣ ቤት መማሩም ጥያቄውን ከማቅረብ አይከለክላችሁም። በቃል አትጠይቁ፤ በደብዳቤ ይሁን፣ ቀኑንም ጻፉበት፣ ቅጂውንም በዚያው አቃፊ አስቀምጡት።