ሥርዓተ ጾታ ሳይማሩ ሴሚናሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል?

«ትምህርቴ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ የሥርዓተ ጾታ ሴሚናር ብገባ ይገባኛል? ወንድ ሲገባስ አይከብድም?» ላልከው፦ ግባ ወንድሜ፣ የሚያባርርህ የለም።

እኔ እዚሁ ጎንደር ስማር መጀመሪያ የገባሁት ጓደኛዬን ላጅብ ብዬ ነው (ሻይ በዳቦውም ሳይስበኝ አልቀረም)። የዕለቱ ወሬ እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። እሳቸው ያሠሩት ግቢ ቁስቋም ስንቴ ወጥቼ ፎቶ ተነስቻለሁ! አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ፣ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር አገር የገዙት እኚህ ሴት መሆናቸውን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «የግቢውን ባለቤት አወቅን፤ ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ የጋገሩትስ ማን ማን ይባላሉ?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። መምህሩም መልስ አልነበረውም። እኔን የያዘኝ ያ ጥያቄ ነው።

ቃላቱ አያስፈሩህ። ጾታ ተፈጥሮ የሰጠችህ ነው፤ ሥርዓተ ጾታ ደግሞ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው ዓይነት፣ ማኅበረሰቡ የሠራው። ከመግባትህ በፊት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1992ቱን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የጋብቻውን ክፍል እይ። በፊተኛው ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሴት በ15 ዓመቷ ትዳራለች፤ በኋለኛው ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ነው። ሕግ ስለሆነ ለሒሳብ ሰው ይመቻል።

የሚታደለውን ጽሑፍ ቀድመህ አንብብ እንጂ የመጀመሪያ ቀን ባትናገርም ችግር የለውም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ወደ ሴቶቹ ሲዞር ታያለህ፤ ያኔ ብዕርህን አንሳ።