የተበላሸው ቀሚስ ዕዳ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እኛ ቤት የሐበሻ ልብስ እንሰፋለን። ሱቁን ያቆመችው እናታችን ናት። አሁን ስለ ደከመች ታላቅ ወንድሜ ይቆርጣል፣ ልጆችንም ያስተምራል። እኔ ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ። ሦስት ተለማማጆች አሉን። አንዷ የአክስታችን ልጅ ናት፤ ከገጠር መጥታ የምትኖረውም እኛው ጋ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሥራ ተደራርቦብን ሳለ ይህች ልጅ የአንዲት ሙሽራን ጥበብ ቀሚስ ገልብጣ ቆረጠችው። ወንድሜ በደንበኞች ፊት «ደደብ! የምትበይው እንጀራ አይቆጭሽም?» አላት። የጨርቁንም ዋጋ በየወሩ ከደመወዟ እየቆረጠ ነው። ሌላው ልጅ የስቅለት ዕለት ለስግደት ልሂድ ቢል ተከለከለ። ሦስተኛው ደግሞ ደንበኞቻችንን በድብቅ «እኔ ቤቴ በርካሽ እሰፋላችኋለሁ» ሲል ደረስንበት። አሁን ሱቁ ውስጥ የሚነጋገር ሰው የለም። እኔም ወንድሜን ሰው ፊት ተናገርኩትና ተኳርፈናል። እናቴ ሽማግሌ ጠርታ ይቅር ለእግዚአብሔር ልታባብለን ነው። ታላቄን መቃወሜ ኃጢአት ነው? ቅዱስ ቁርባን መቀበልስ እችላለሁ? ልጆቹንስ እንዴት እንያዛቸው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሰላሙ ይብዛልሽ። ብዙ ነገር ነው የጠየቅሽኝ። አንቺ በመጨረሻ ስለ ቁርባን ጠይቀሻል፤ እኔ ግን ከገንዘቡ ልጀምር። ቁርባኑም ቢሆን መንገዱ በእሱ በኩል ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የዘመድ ቤት ሥራና የደመወዝ ጭቅጭቅ በሰፊው የተጻፈው በያዕቆብና በላባ ታሪክ ነው። ያዕቆብ የሠራው አጎቱ ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ላባ ጥሩ ተናግሮ ነበር። ዘመዴ ስለሆንህ በነጻ ልታገለግለኝ አይገባም፣ ደመወዝህን ንገረኝ አለው (ዘፍ. 29፥15)። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዕቆብ ራሱ ይናገራል፤ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዘፍጥረት 31፥39 ነው። አውሬ የሰበረውን በግ ዋጋ የሚከፍለው ያዕቆብ ነበር። በቀን የተሰረቀውንም፣ በሌሊት የተሰረቀውንም ላባ ከእሱ እጅ ይፈልግ ነበር። በኋላ በሙሴ የተሰጠው ሕግ ደግሞ ጠባቂው አውሬ የሰበረውን እንዳይከፍል ያዝዛል፤ ቅሪቱን ለምስክር ካመጣ ይበቃዋል (ዘጸ. 22፥13)።

አሁን ወደ ቀሚሱ እንምጣ። ልጅቷ ተለማማጅ ናት። ተለማማጅ ናት ብላችሁም ትንሽ ትከፍሏታላችሁ። ስትሳሳት ግን እንደ ሙሉ ባለሙያ ታስከፍሏታላችሁ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም። በርካሽ ጉልበቷ የሚገኘው ትርፍ የሱቁ ከሆነ፣ እጇ እስኪፈታ የሚጠፋውም ጨርቅ የሱቁ ነው።

ደግሞስ የሙሽራ ልብስ ማን ሰጣት? ስፌት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጀማሪ ገበር ይሰፋል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ዘርፍ ይመታል። መቁረጥ የሚለምደው አቡጀዴ ላይ ነው። ሸማኔ ስንት ቀን የደከመበትን ጥበብ፣ በጥድፊያ ሳምንት፣ አጠገቧ የሚቆም ሰው ሳይኖር እጇ ላይ ከጣላችሁ፣ ጥለቱ ከእግር ወደ ትከሻ ቢሄድ ጥፋቱን እሷ ላይ ብቻ ማሳረፍ አይቻልም። አይታ መጠየቅ ነበረባት፤ እሱን አልክድም። ግን በዚያ ሳምንት ወንድምሽን ደፍሮ የሚጠይቅ ሰው ነበር?

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ቢሆንም የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አሠሪ እንደ ፈለገ ደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። የሕግ ድንጋጌ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የእግዚአብሔር ቃል ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል፤ የተቀማ ደመወዝ «ይጮኻል» ይላል ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (ያዕ. 5፥4)። የሚጮኸው ገንዘቡ ራሱ ነው። ሠራተኛው ፈርቶ ዝም ቢል እንኳ።

እዚህ ላይ አንቺንም አልምርሽም። ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ ብለሻል። እንግዲያው በየወሩ ተቀናሹን ደብተር ላይ የምትጽፈው እጅ የአንቺ ናት። ወንድምሽን ሰው ፊት ስትናገሪው ይህን አስበሽው ነበር?

ወደ ስድቡ ልለፍ። ጌታችን ወንድሙን ደንቆሮ የሚል ሰው የሚጠብቀውን ፍርድ በማቴዎስ 5፥22 ተናግሯል፤ ማስፈራሪያ ብሎ የሚያልፈው ሰው ቢያነበው መልካም ነው። የወንድምሽ ንግግር ግን ከደደብም የባሰ ነገር አለበት። እቤታችሁ ለምትኖር የዘመድ ልጅ እንጀራ ቆጥሮ መናገር ከስድብ ሁሉ ይከብዳል። ሌላው ተለማማጅ ቢሰደብ ማታ እናቱ ጋ ሄዶ ያለቅሳል። ይህች ግን ማታም የምትበላው እዚያው የተቆጠረውን እንጀራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበታ ላይ እጇ እንዴት እንደሚዘረጋ አይተሻል?

«እኛም ተሰድበን፣ ተገርፈን ነው የተማርነው» የሚል መልስ ከወንድምሽ ይመጣል። ይህን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኛም በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች እንለዋለን። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ያደምጣሉ፣ የሚታረመውን ያርማሉ፣ ተማሪው ተመልሶ ሌላ ይቆጥራል። በየቀኑ ስሕተት ይዞ መምጣት እዚያ የትምህርቱ ሥርዓት ነው። አለንጋም አልነበረም አልልም። ያስተማረኝ ዱላው ነው የሚል ሊቅም ይገጥምሻል። ዱላው ያባረራቸውን ግን የቆጠራቸው የለም፤ ምስክርነት ለመስጠት አብረውን የሉማ።

ከዚህ ይልቅ ወንድምሽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን ቢያነብ ደስ ይለኛል። አቂላና ጵርስቅላ ባልና ሚስት ናቸው። ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ እነሱ ቤት እየኖረ አብሯቸው ሰፍቷል። የቤተሰብ ሥራ፣ ያውም የስፌት። በኋላ ኤፌሶን ሳሉ አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው መጣ። የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ምኩራብ ውስጥ በድፍረት ሲናገር ሰሙት፤ ጉድለቱ ገባቸው። እዚያው ተነሥተው «ተሳስተሃል» ማለት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ወደ ራሳቸው ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ነገሩት (ሐዋ. 18፥26)። ስሕተቱ ሳይታረም አልቀረም፤ የታረመው ግን ከሕዝብ ዓይን ርቆ ነው። ቀሚሱ የተበላሸ ዕለት ወንድምሽ ልጅቷን ወደ ጓዳ ይዟት ቢገባ፣ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ጥለቱ በየት በኩል መውደቅ ነበረበት? አሳዪኝ» ቢላት ኖሮ፣ ያ ውድ ጨርቅ ቢያንስ አንድ ቆራጭ ያፈራ ነበር።

ለሰው ሙያ ማስተማር በራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ባስልኤልና ኤልያብ ለድንኳኑ ሥራ ሲጠሩ እግዚአብሔር ጥልፍና ሽመናን ጨምሮ ጥበቡን ብቻ አልሰጣቸውም፤ ማስተማርንም በልባቸው አኖረ ይላል (ዘጸ. 35፥34)። ጥሩ የሚቆርጥ ሁሉ ጥሩ ያስተምራል ማለት አይደለም። ወንድምሽ እጁ ወርቅ ሆኖ ትዕግሥት ካጣ፣ ለጀማሪዎቹ ሌላ ሰው ይመደብ። እናታችሁ ቁጭ ብላም ቢሆን ማሳየት አያቅታትም ይሆናል።

የስቅለቱን ነገር ባጭሩ። ልጁን መከልከላችሁ ስሕተት ነው። ዕለቱ በመንግሥትም ሕዝባዊ በዓል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ግን ነገሩ የተበላሸው በዚያ ዓርብ አይመስለኝም። የተበላሸው ከእጃችሁ በላይ ትእዛዝ የተቀበላችሁ ቀን ነው። ሁሉም ሰው ለፋሲካ ቀሚስ ይፈልጋል፤ እናንተም እንቢ ማለት አልሆነላችሁም። ለከርሞ የደብረ ዘይት ሰንበት ሲደርስ የፋሲካ ትእዛዝ ደብተሩን ዝጉት። ጾሙ ሲጋመስ ማለት ነው። ደንበኛ ይቀየማል፣ ጥቂት ገንዘብም ይቀራል። ሕማማቱን ግን ትጸልዩበታላችሁ፤ ቁጣውም ግማሹ በዚያው ይቀራል።

ደንበኛ ወደ ቤቱ የሚጠራው ልጅ በድሏል። ባስተማረው ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ደመወዝ እየበላ እንዲህ ማድረግ መስረቅ ነው፤ ሐዋርያው ለቲቶ ሲጽፍ አገልጋዮች እንዳይሰርቁ ምከራቸው ያለው ይህንንም ይጨምራል (ቲቶ 2፥10)። ይነገረው። ግን ለብቻው፣ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» በሚለው የጌታ ትእዛዝ (ማቴ. 18፥15)። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ ሥልጠናው የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ያውቃል? ብዙ የቤተሰብ ሥራ ላይ ተለማማጅነት መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላውም «ልጁ» ነው። ያዕቆብም በመጨረሻ ከላባ ቤት የወጣው ተደብቆ ነው። ድብቁን አላመሰግነውም። የታረቁት ግን ገለዓድ ላይ ድንጋይ ከምረው፣ ቃላቸውን አኑረው፣ አብረው እንጀራ በልተው ነው።

የእናንተ የድንጋይ ክምር ወረቀት ይሁን። ምን እንደሚማሩ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚማሩ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ የዕረፍትና የበዓል ቀናቸው የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። አዋጁም የተለማማጅነት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። የአክስትሽም ልጅ ትጻፍ። «እሷማ የቤታችን ናት» እንዳትሉ፤ ላባም እንዲያ ነበር የጀመረው። የጨረሰ ደግሞ በክብር ይሂድ። አጵሎስ ወደ አካይያ ሊሄድ ሲነሣ ወንድሞች እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጽፈውለታል።

ታላቄን መቃወሜ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ መናገርሽ ኃጢአት አይደለም። ዝም ብትዪ ነበር የሚከፋው። የተናገርሽበት ቦታ ግን ልክ አይደለም፤ እሱ ልጅቷን ባዋረደበት መንገድ አንቺም እሱን አዋረድሽው። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሽማግሌውን አትገሥጸው፣ እንደ አባት ለምነው ይለዋል (1ጢሞ. 5፥1)። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጠብቂው። መጀመሪያ የራስሽን ይቅርታ ጠይቂ። «ግን አንተም...» ብለሽ አትቀጥዪበት፤ እሱን ትንሽ ተወት አድርጊና ደብተሩን አምጪ። «ጋሼ፣ እስካሁን ከልጅቷ የቆረጥነው ይኸው። ልመልስላት ፈልጌአለሁ፤ ከአንተ ድርሻ ካልፈለግህ ከእኔ ይሁን» በዪው። ቢቆጣም አትመልሺለት፤ ቁጥሩን አይቷል።

የእናትሽ ሽምግልና መልካም ሐሳብ ነው፤ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ «ይቅር ለእግዚአብሔር በይው» ሲላት፣ እናንተው ቤት የምታድር ልጅ «አልልም» ማለት ትችላለች? አትችልም። ጉልበት ስማ ትነሣለች፣ ቡና ይፈላል፣ በወሩ መጨረሻ ተቀናሹ ይቀጥላል። ይህን እርቅ አልለውም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ይቅርታውን በቃል ብቻ አልጨረሰውም። ስለዚህ እናትሽን ለምኚልኝ፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ይሁን። ወንድምሽም ይቅርታውን ተለማማጆቹ ሁሉ ባሉበት ይጠይቃት፤ ስድቡን ሰምተዋልና ይህንንም ይስሙ። ይህ አሠልጣኝነቱን ያሳንስብኛል ብሎ ይፈራ ይሆናል። እኔ እስካሁን ይቅርታ በመጠየቁ የተናቀ መምህር አላየሁም።

ቁርባኑን በተመለከተ። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ከአጠገብሽ ላለው እጅ ነሥተሽ ቤት ያለውን ወንድምሽን ካኮረፍሽ፣ ጌታ «አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ያለው ላንቺ ነው (ማቴ. 5፥24)። የድርሻሽን አድርገሽ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ፣ እሱ እንቢ ቢል ግን ቂሙ ያንቺ አይደለም፤ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ይላል ቃሉ (ሮሜ 12፥18)። ቁረቢ ወይም ቆዪ የሚልሽ የንስሐ አባትሽ ነው እንጂ እኔ ከሩቅ ሆኜ አልወስንልሽም። ስትሄጂ የኩርፊያውን ብቻ ነግረሽ አትመለሺ፤ የሒሳብ ደብተሩንም ንገሪያቸው።

ልጅቷ ምናልባት ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አገሬ ልመለስ ትል ይሆናል። ውለታ እየቆጠራችሁ አትያዟት። የተቆረጠባትን በሙሉ፣ የሠራችበትን ወር ደመወዝና የመሳፈሪያዋን ጨምራችሁ በእጇ ስጧት። መቀስ የያዘች ልጅ ናትና፣ እስከ አሁን የተማረችውን የሚገልጽ ደብዳቤም ወንድምሽ ራሱ ይጻፍላት።